ሥራን ወደ አገልግሎት መለወጥ፦ በካባላና በሐሲዲም መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

ይህን መንገድ የሚሞክሩ ብዙዎች በሳምንቱ ይተዉታል። የሚወድቁበት ቦታም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሰኞ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ እየሠራሁ ፈጣሪን አስባለሁ» ብለው ይነሳሉ። እስከ አራት ሰዓት ይታገላሉ። ከዚያ ደንበኛ ይመጣል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አለቃ ይቆጣል። ሐሳብ ይበተናል። ማታ ቤት ሲገቡ ሥራውም ተበላሽቷል፣ ጸሎቱም አልሆነም። «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብለው ይደመድማሉ።

የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። ካባላ የሚባለው የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ጀማሪውን ቀኑን ሙሉ ሁለት ሐሳብ ተሸክመህ ዋል አይለውም። ከሥራው በፊት ሐሳብህን አቅና፣ በሥራው ሰዓት ሥራህን አጥርተህ ሥራ፣ ከሥራው በኋላ ከራስህ ጋር ተሳሰብ ይለዋል። ከታች ያለው አሠራር የተቀመጠው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። አንዱንም ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ሐሳብ ያዙ፤ የቀረው ሁሉ ከሱ ይወጣል። በ16ኛው መቶ ዘመን በገሊላ፣ በሳፌድ ከተማ ያስተማረው ይስሐቅ ሉሪያ (1534–1572) እንዲህ ይላል፦ በፍጥረት መጀመሪያ መለኮታዊውን ብርሃን የያዙት ዕቃዎች ተሰበሩ። የብርሃኑ ብልጭታዎችም በዓለም ሁሉ ተበተኑ። በእህሉ፣ በብረቱ፣ በገንዘቡ ውስጥ ተደብቀው ይገኛሉ። ሰው እነዚህን ነገሮች በቀና ሐሳብና በትክክለኛ ድርጊት ሲጠቀምባቸው ብልጭታው ተነሥቶ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ይህን ማስተካከል ቲኩን ይሉታል። ሉሪያ ራሱ ከንግድ የራቀ ሰው አልነበረም። ካይሮ ውስጥ ከጥንታዊ ምኩራብ ከተገኙት ሰነዶች መካከል የቁንዶ በርበሬ ንግዱን የሚያነሱ ወረቀቶች አሉ።

በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በዛሬዋ ዩክሬን ምድር የኖረው ባኣል ሼም ቶቭ ይህን ትምህርት ከሊቃውንት ጓዳ አውጥቶ ለነጋዴውና ለጋሪ ነጂው አደረሰው። ሐሲዲም የሚባለው የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ የሚጀምረው ከሱ ነው። መብላት፣ መገበያየት፣ እንጨት መፍለጥ ሳይቀር አገልግሎት ሊሆን ይችላል አለ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ሌላ ምንም አትግዙ። ቀይ ክር፣ ክታብ፣ «የሀብት ካባላ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ እለፉት። የካባላን ዋና መጽሐፍ ዞሃርን አንብቤ ልጀምር ብላችሁም አትቸኩሉ። በ1756 በብሮዲ የተሰበሰቡ ረቢዎች ዞሃርን ከ30 ዓመት በታች፣ የሉሪያን ጽሑፎች ደግሞ ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው ከልክለው ነበር። ያን ያስደረጋቸው በዘመናቸው ያዩት መሳት ነው። ለዚህ ሥራ መጽሐፉ አያስፈልጋችሁም።

አይሁዳዊ ያልሆነ አንባቢ ሥርዓቱን መቅዳት የለበትም። አሠራሩን ወስዶ በራሱ ጸሎት ይሙላው።

ደረጃ 1፦ ሥራው የሚነሳ መሆኑን ፈትሹ

የሐሲዲም መሠረታዊ መጽሐፍ የሆነው ታንያ (1796) ነገሮችን ለሁለት ይከፍላል። የተፈቀደ ነገር እንደ አጠቃቀሙ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል። የተከለከለ ነገር ግን የቱንም ያህል ጥሩ ሐሳብ ቢጨመርበት አይነሳም። የሰረቀውን ዳቦ ባርኮ የሚበላ ሰው ምንም አላነሳም።

ስለዚህ ደብተራችሁን አውጡና እነዚህን መልሱ፦

- ገንዘቤ ከየት ነው የሚመጣው? ከፋዩ የከፈለበትን ነገር በትክክል ያገኛል?
- ቢታወቅብኝ የማፍርበት የሥራዬ ክፍል የትኛው ነው?
- በእኔ ሥራ የሚጎዳ ሰው አለ?

ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት ስብስብ ውስጥ ራቫ የተባለው ሊቅ ሰው ለፍርድ ሲቀርብ የሚጠየቀውን ይዘረዝራል። መጀመሪያ የሚመጣው «በእምነት ነግደሃል?» የሚለው ነው። «ለኦሪት ጊዜ መድበሃል?» የሚለው ከሱ ቀጥሎ ነው የመጣው።

*ችግር ካገኛችሁ፦* ሥራው ደህና ሆኖ አንድ ክፍሉ ብቻ ከተበላሸ (የሰዓት መቁጠሪያ ላይ መዋሸት፣ የተበላሸ ዕቃ ከታች አድርጎ መሸጥ) መጀመሪያ እሱን አቁሙ። እስከዚያ ወደ ደረጃ 2 አትለፉ። ሥራው ከሥሩ ማታለል ከሆነ ግን ሌላ ሥራ መፈለግ የመጀመሪያው አገልግሎታችሁ ነው።

ደረጃ 2፦ ከቀኑ አንድ ድርጊት ብቻ ምረጡ

ሙሉውን ቀን ለመቀደስ አትነሱ። አንድ ድርጊት ውሰዱ። በየቀኑ የሚደጋገም፣ ትንሽ፣ በእጃችሁ ያለ ይሁን። ሹፌር ከሆናችሁ ተሳፋሪ ሲገባ ያለችውን ቅጽበት፣ ካሸር ከሆናችሁ መልስ መስጠትን፣ አስተማሪ ከሆናችሁ ደብተር ማረምን፣ ቢሮ የምትውሉ ከሆነ ለደብዳቤ መልስ መጻፍን ምረጡ።

እዚህ ላይ ስለ ሄኖክ የሚነገረውን አሮጌ የአይሁድ ትውፊት ማወቅ ይጠቅማል። ሄኖክ ጫማ ሰፊ ነበር ይላሉ። በእያንዳንዱ ስፌት «የክብሩ መንግሥት ስም ለዘላለም ይባረክ» ይል ነበር። የካባላ ሰዎች ይህን ታሪክ በጣም ይወዱታል። የመጽሐፈ ሄኖክ አገር ሰዎች ነንና እኛም ስሙን እናውቀዋለን፤ ጫማ ሰፊው ሄኖክ ግን ብዙዎቻችን ጋ አልደረሰም።

ጀማሪዎች ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት ይወስዳሉ። ሄኖክ እየሰፋ ሐሳቡ በሰማይ የነበረ ይመስላቸዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን በሊትዌኒያ የነበረው ረቢ እስራኤል ሳላንተር በስሙ በሚነገር ማብራሪያ ይህን ይቃወማል። ሐሳቡ ሰማይ ላይ ቢሆን ኖሮ ስፌቱ ይላላ ነበር፤ ጫማው ቶሎ ይቀደድ ነበር፤ ከደንበኛው መስረቅ ይሆን ነበር። የሄኖክ አምልኮ እያንዳንዱ ስፌት ጠንክሮ የሚለብሰውን ሰው እግር እንዲጠብቅ ማሰቡ ነው። ሳላንተር የካባላ መምህር ሆኖ አይታወቅም፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የካባላ ማስጠንቀቂያ አላውቅም።

የመረጣችሁትን ድርጊት በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ለአንድ ወር አትቀይሩት።

ደረጃ 3፦ ጠዋት፣ ስልክ ከመንካታችሁ በፊት

1. ዓይናችሁን እንደገለጣችሁ ከአልጋው ሳትወርዱ ምስጋና በሉ። አይሁድ የሚሉት ሞዴ አኒ ይባላል፦ «ሕያውና ዘላለማዊ ንጉሥ ሆይ፣ ነፍሴን በምሕረት ስለመለስህልኝ አመሰግንሃለሁ፤ ታማኝነትህ ታላቅ ነው።» የፈጣሪ ስም በውስጡ ስለሌለ እጅ ሳይታጠቡ ይባላል።
2. እጃችሁን ታጠቡ። ሥርዓቱ ከዕቃ ውኃ እያፈሰሱ ቀኝን፣ ግራን፣ ቀኝን፣ ግራን እያፈራረቁ እያንዳንዱን እጅ ሦስት ሦስት ጊዜ ማጠብ ነው። ስትታጠቡ እጆቻችሁን እዩዋቸው። ዛሬ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።
3. ከዚህ በኋላ ብቻ ስልኩን አንሱ።

*ስልኩን ቀድማችሁ ካነሳችሁ፦* አትናደዱ። አስቀምጡትና ከ1 ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ በሩ ላይ ሐሳባችሁን አቅኑ

ይህን ካዋና ይሉታል። የአሠራሩ ልብ እዚህ ነው። የሥራ ቦታችሁ በር፣ የመኪናው መሪ፣ የኮምፒውተሩ ማብሪያ ቁልፍ ጋ ስትደርሱ ቁሙና አንድ አጭር ነገር በሉ። ውስጡ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ማንን እንደምታገለግሉ፣ የመረጣችሁት ድርጊት የትኛው እንደሆነ፣ ደሞዙ ምን እንደሚያደርግ።

አረጋዊ ሰው ለመንከባከብ በየጠዋቱ ወደ ሰው ቤት የምትገባ አንዲት እህት አስቡ። ቴል አቪቭ ትሁን ዋሽንግተን፣ ደወሉን ከመጫኗ በፊት እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ እንዲህ ትላለች፦ «ጌታዬ፣ እኚህን አባት የማጥባቸው አምሳልህ ስለሆኑ ነው። ውኃውን በክንዴ ሳልለካ አላፈስባቸውም። በማገኘው ልጆቼን አበላለሁ።» አለቀ። ከዚያ ደወሉን ትጫናለች። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ስትደርስ ክንዷን ውኃው ውስጥ ትከታለች። ትንሽ ፈላ ካለ ቀዝቃዛ ትጨምራለች። በዚያች ቅጽበት መጸለይ አይጠበቅባትም፤ ጸሎቷ በሩ ላይ ተብሏል፣ አሁን እየተፈጸመ ነው።

ደሞዙን ከሐሳባችሁ አታውጡት። ለገንዘብ መሥራት አያሳፍርም። ያ ገንዘብ ዳቦ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ምጽዋት ይሆናል፤ እነሱ ውስጥም የሚነሳ ነገር አለ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ካዋናችሁ ከአንድ ትንፋሽ አይርዘም። የሳፌድ ካባሊስቶች ከመልካም ሥራ በፊት ስለ ቅዱሱና ስለ ሸኺና (በዓለም ስለሚያድረው የፈጣሪ መገኘት) መዋሐድ የሚሉት ቀመር ነበራቸው፤ በኋላ በሰፊው ተለመደ። የፕራጉ ረቢ ይሕዝቅኤል ላንዳው በ18ኛው መቶ ዘመን በጽኑ ተቃወመው። የማይገባውን ቃል በአፉ የሚደጋግም ሰው በዝቶ ነበርና። የገባችሁን ብቻ በሉ።

ደረጃ 5፦ በሥራው ሰዓት ሥራውን ሥሩ

ታልሙድ ስለ አባ ሒልቂያ ይናገራል። ዝናብ ሲጠፋ ጸልይልን የሚባል ጻድቅ ነበር። ሊቃውንቱ ሁለት ሰው ሲልኩበት እርሻ ውስጥ ሲቆፍር አገኙት። ሰላም አሉት፤ ፊቱን እንኳ አላዞረም። በኋላ ምክንያቱን ሲጠይቁት «የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራዬ መቦዘን የለብኝም አልኩ» አላቸው። ዝናቡም በሱና በሚስቱ ጸሎት መጣ። ሰማይ የሚሰማው ሰው የአሠሪውን ደቂቃ እንደዚያ ይጠብቅ ነበር።

ሕጉም ይህንኑ ይከተላል። የታልሙድ መሠረት በሆነው የሕግ መጽሐፍ በሚሽና መሠረት ዛፍ ላይ ወይም ግንብ ላይ ያለ ሠራተኛ «ሸማ» የሚባለውን ጸሎት («እስራኤል ሆይ፣ ስማ») እዚያው ሆኖ ይላል። ከምግብ በኋላ የሚባለው ምርቃትም በጥንት ጊዜ ለቅጥር ሠራተኛ አጥሮ ነበር፤ ሰዓቱ የአሠሪው ነውና።

ተግባራዊ የሚሆነው እንዲህ ነው፦

- በመረጣችሁት ድርጊት ላይ አንድ የሚታይ መለኪያ አውጡ። ሚሽና ለባለ ሱቅ ያወጣለት አለ፦ መስፈሪያውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ያጽዳ፣ የሚዛን ድንጋዮቹን በሳምንት አንድ ጊዜ ይወልውል፣ ሚዛኑን ግን በመዘነ ቁጥር ያጽዳ። የተጣበቀ ትንሽ ነገር ከገዢው ይቀንሳልና። የእናንተም መለኪያ እንደዚህ በዓይን የሚታይ ይሁን። «በፍቅር እሠራለሁ» መለኪያ አይሆንም። «መልሱን ቆጥሬ፣ የሰውየውን ፊት አይቼ እሰጣለሁ» ይሆናል።
- መግዛት የማትፈልጉትን ዕቃ «ስንት ነው?» አትበሉ። ይህም የሚሽና ሕግ ነው። ሻጩን በከንቱ ተስፋ ማስያዝ በቃል መበደል ነው።
- መንፈሳዊ ነገር ማዳመጥ ሥራችሁን የሚያዘናጋ ከሆነ አጥፉት።

ደረጃ 6፦ ሐሳብ ሲበተንና ቁጣ ሲመጣ

እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባኣል ሼም ቶቭ ባዕድ ሐሳብን ወደ ሥሩ ማንሳት ይቻላል ብሎ አስተምሯል። ምኞት ከፍቅር፣ ቁጣ ከኃይል የወረደ ነውና። ይህን የሰማ ጀማሪ መጥፎ ሐሳቡን ቁጭ ብሎ ሊመረምር ይጀምራል። ታንያ በ28ኛው ምዕራፍ ግልጽ ይናገራል፦ ያ ለጻድቃን የተነገረ ነው፣ አንተ ሞኝ አትሁን።

የእናንተ ድርሻ ቀላል ነው።

1. አትከራከሩት። ከጎናችሁ ቆሞ እየለፈለፈ ሊያዘናጋችሁ እንደሚሞክር ሰው ቁጠሩት። እንዳልሰማ ሁኑ።
2. እጃችሁ ወዳለበት ተመለሱ። መለኪያውን ፈጽሙ።
3. አትዘኑ። ሐሳብ መምጣቱ መውደቅ አይደለም፤ ብርታታችሁን ያየ ተቃዋሚ ይበረታል።

አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። በሥራ መሐል ድንገት የድሮ ኃጢአታችሁ ትዝ ብሏችሁ ልባችሁ ሊሰበር ይችላል። መንፈሳዊ ይመስላል። ታንያ ግን በሥራ ሰዓት የሚመጣ እንዲህ ያለ ሐዘን የክፉው ዝንባሌ ተንኮል ነው ይላል። ቀጠሮ ስጡት። «ማታ እንገናኝ» በሉት፤ ደረጃ 8 ለሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ቀኑ መሐል ላይ ቁሙ

ሚንሓ የሚባለው የከሰዓት ጸሎት አጭር ነው፤ ግን ሥራ በተፋፋመበት ሰዓት ነው የሚመጣው። ኤልያስ በቀርሜሎስ የተሰማው በዚህ ሰዓት ነው ይላል ታልሙድ። በእረፍት ሰዓታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ከሰው ገለል በሉ። ምሳችሁን ስልክ እያያችሁ አትብሉ። ለሐሲዲም መብላትም ሥራ ነው፦ ምግቡ ውስጥ ያለው ብልጭታ የሚነሳው ባገኛችሁት ጉልበት በምትሠሩት ነገር ነው።

ደረጃ 8፦ ማታ ሒሳብ

ዞሃር በየማታው የቀኑን ሥራቸውን የሚቆጥሩትን «የሒሳብ ባለቤቶች» ይላቸዋል። ከመተኛታችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱና በአጭሩ ጻፉ፦

- በሩ ላይ ቆምኩ? አዎ ወይም አይ።
- መለኪያዬን ስንት ጊዜ ፈጸምኩ፣ የት ላይ ተውኩት?
- ይቅርታ የምጠይቀው ወይም የምመልስለት ሰው አለ?

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ስም ከተጻፈ ነገ ከምሳ በፊት ፈጽሙት። ከሰው ጋር ያለ በደል በጸሎት ብቻ አይሰረዝም።

ከአሥር ደቂቃ በላይ አትቀመጡ። ሒሳቡ ወደ ራስ ወቀሳ ከተለወጠ ደብተሩን ዝጉ።

ደረጃ 9፦ ዓርብ ማቆም

ሥራ አገልግሎት የሚሆነው የሚቆምበት ቀን ሲኖረው ነው። በሻባት (በአይሁድ የቅዳሜ ሰንበት) የሚከለከሉት 39 የሥራ ዓይነቶች የተወሰዱት የመገናኛው ድንኳን ከተሠራባቸው ሥራዎች ነው፦ መፍተል፣ መሸመን፣ መስፋት፣ መጻፍ፣ እሳት ማንደድ። በሌሎቹ ቀናት የምንሠራው ያንኑ ነው። ታንያ ዓለም የተፈጠረው ፈጣሪ በታችኛው ዓለም ማደሪያ ስለፈለገ ነው ይላል። ስድስት ቀን ማደሪያው ይሠራል፣ በሰባተኛው ይታደርበታል።

በብዙ ቦታ ሻማው የሚበራው ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ያልተጨረሰውን ጻፉና ወረቀቱን ሥራ ቦታ ተዉት። የሥራ መልእክት መቀበያውን አጥፉ። ጥንታዊው ትምህርት ሻባት ሲገባ ሥራህ ሁሉ እንዳለቀ አድርገህ ቁጠረው ይላል። ካባላ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች አልደረሰም ነበር፤ ይህን ግን ቀጥቃጮቹና ሸክላ ሠሪዎቹ በደንብ ያውቁታል። ዓርብ እሳታቸውን አጥፍተው፣ ቅዳሜን ቀዝቃዛ ምግብ በልተው ያከብሩት ነበር። እናንተ የምታርፉበት ቀን ሌላ ከሆነ በዚያው ቀን ይሁን፤ ግን ሙሉ ይሁን።

ሲበላሽ

*ሦስት ቀን ሙሉ ረሳሁት።* የረሳችሁትን ለመክፈል ካዋና አትደራርቡ። በነገው በር ጀምሩ። በሩ ላይ የሚያስታውሳችሁ ነገር አስቀምጡ። በብዙ ምኩራብ ግድግዳ ላይ «ሁልጊዜ እግዚአብሔርን በፊቴ አየዋለሁ» የሚለው የመዝሙር ቃል የሚሰቀለው ለዚህ ነው።

*ምንም አይሰማኝም።* ስሜት መለኪያ ውስጥ አልነበረም። ሚዛኑ ተወልውሎ ከሆነ ሥራው ተሠርቷል።

*ከባልደረቦቼ የተሻልኩ መስሎ ተሰማኝ።* ይህ አደገኛው ነው። ለሳምንት ካዋናውን በልባችሁ ብቻ በሉ፣ ስለ አሠራሩም ለማንም አታውሩ። ማንም የማይፈልገውን አንድ ሥራ (ማጠቢያውን መፈግፈግ፣ ቆሻሻ ማውጣት) ሳትናገሩ ሥሩ።

*አለቃዬ ይበድለኛል፣ ደሞዜን ይይዛል።* በደል መሸከምን ቲኩን ብላችሁ አትጥሩት። ኦሪት የቅጥረኛው ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል ታዝዛለች፤ ድሃ ነውና ነፍሱ ወደዚያ ታያለች። የሥራ ቀናችሁን፣ ሰዓታችሁንና የቀረባችሁን ገንዘብ እዚያው ደብተር ላይ በቀን መዝግቡ። የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ፣ ሕግ ባለበት በሕግ ጠይቁ። ቤተሰብን ለመርዳት ከአገር ርቃ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ይህን እያነበበች ከሆነ፦ የመጠየቅ መብትሽ ከአምልኮሽ አይነጠልም።

*ድርጊቱ ለመደብኝና ሳላስብ እሠራዋለሁ።* ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ እጃችሁ ተምሯል። አንድ ወር ከሞላ መለኪያው ሳይላላ ይቀጥል፤ እናንተ ሁለተኛ ድርጊት ምረጡና በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ከደረጃ 2 ጀምሩ።